የተሳቢን ኤሌክትሪክ ፍሬን ከመኪና ጋራ ስለ ማገናኘት

ለአስመጪዎች፣ ለመለዋወጫ ዕቃ ሻጮችና ለባለ ጭነቶች የቀረበ ትምህርት

ንግድ ዕቃን ከሚገኝበት ወደሚፈለግበት ማድረስ እንደ መሆኑ መጠን፣ ነጋዴ ስለ ማጓጓዣ መሣሪያ ያለው ዕውቀት ስለ ሒሳብ መዝገብ ካለው ዕውቀት ሊያንስ አይገባውም። በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና፣ ለምሳሌ በቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ተሳቢ ለሚስቡ ሰዎች የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ፍሬን መቆጣጠሪያ ነው። መሣሪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ዋጋውም ከመኪናውና ከተሳቢው ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ነገር ግን 2,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ በቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋ፣ የሾፌሩም ሆነ የመንገደኛው ደኅንነት ከዚህች ሣጥንና ከእርስዋ ከሚወጡት አራት ሽቦዎች ጋራ የተያያዘ ነው።

ስለዚህ አስመጪው ምን ማዘዝ እንዳለበት፣ ባለ ሱቁ ለደንበኛው ምን እንደሚመልስ፣ ባለ ጭነቱም መኪናውን ከጋራዥ ሲረከብ ምን መመርመር እንደሚገባው ያውቁ ዘንድ ነገሩን በየተራው እንገልጻለን።

ተሳቢ የራሱ ፍሬን ለምን ያስፈልገዋል?

ሰባ ቁጥር እየተባለ የሚጠራው የላንድ ክሩዘር ዓይነት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ለገበያ የወጣ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ድረስ በብዙ አገር ለከባድ ሥራ የሚፈለግ መኪና ነው። በአውስትራሊያ በሚሸጠው በጭነት ሞዴሉ ላይ ፋብሪካው ሁለት የመሳብ ልክ ወስኖለታል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው እስከ 3,500 ኪሎ፤ ፍሬን ከሌለው ግን 750 ኪሎ ብቻ ነው። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ጉልበቱም ያው ጉልበት ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የ2,750 ኪሎ ልዩነት የሚያስረዳን፣ መኪና የሚስበውን ያህል ለማቆም የማይችል መሆኑን ነው።

ይህንንም በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጭነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሚሮጠው ጋራ ሲነጻጸር፣ ለማቆም የሚጠይቀው ኃይል ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በቁልቁለት ጊዜ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይሆናል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ70 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሙቀት ለማድረስ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው የሚወርደው ከ1,000 ሜትር የበለጠ ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት የመኪናው ፍሬን ብቻ የሚሸከመው ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ከጋለም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሾፌሩም ፔዳሉን አጥብቆ እየረገጠ መኪናው አልታዘዝ ይለዋል።

አስቀድሞ የፍሬኑን ዓይነት ስለ መለየት

የተሳቢ ፍሬን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ትላልቅ የጭነት መኪናዎች የሚስቧቸው ተሳቢዎች በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን አላቸው። በኤውሮፓ ለትናንሽ መኪናዎች የሚሠሩት ተሳቢዎች በአብዛኛው መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት በሚገፋው ግፊት ብቻ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ናቸው፤ እነዚህ ከመኪናው ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ግን ለመካከለኛ ተሳቢ የተለመደው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ ከኤውሮፓ የመጣ ተሳቢ ገዝቶ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ቢገዛለት ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። ከአውስትራሊያ ወይም ከአሜሪካ የመጣውን ገዝቶ መቆጣጠሪያ ሳይገዛ ቢቀር ግን ጥፋቱ ከገንዘብ ያልፋል፤ ተሳቢው ፍሬን ያለው መስሎ ይታያል እንጂ በመንገድ ላይ ፍሬን እንደሌለው ይቆጠራልና። ስለዚህ ባለ ሱቅ መቆጣጠሪያ ሊገዛ የመጣውን ደንበኛ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «መኪናህ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ሳይሆን «የተሳቢህ ፍሬን ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ከተሳቢው ጎማ ጀርባ በእያንዳንዱ ፍሬን ሁለት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚገቡ ከሆነ ፍሬኑ የኤሌክትሪክ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ ፍሬን አሠራር

በእያንዳንዱ የፍሬን ታምቡር ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔቱ በሚዞረው ታምቡር ፊት ላይ ይጣበቅና ታምቡሩ ይዞት ሊሄድ ይሞክራል። ማግኔቱ በዚህ ጊዜ የተያያዘበትን ዘንግ ይጎትታል፤ ዘንጉም የፍሬኑን ሸራ ከፍቶ በታምቡሩ ላይ ያስጨንቀዋል። ብዙ ኤሌክትሪክ ሲላክ አያያዙ ይጠብቃል፤ ጥቂት ሲላክ ይላላል። መቆጣጠሪያው ሣጥን የሚሠራው ሥራም ምን ያህል ኤሌክትሪክ፣ በምን ጊዜ እንደሚላክ መወሰን ነው።

መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የጊዜ መቆጣጠሪያ የሚባለው ሲሆን፣ ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ አስቀድሞ በተወሰነለት ፍጥነት ኤሌክትሪኩን እየጨመረ ይልካል። ሾፌሩ በዝግታ ቢረግጥም በድንጋጤ ቢረግጥም ለይቶ አያውቅም። ሁለተኛው የመኪናውን አቀናነስ እየለካ የሚሠራው ነው። መኪናው በዝግታ ሲቀንስ ጥቂት፣ በኃይል ሲቀንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይልካል። የፊተኛው ዋጋው ይረክሳል፤ የኋለኛው ግን ለተራራ መንገድ ይሻላል። በሁለቱም ላይ ሾፌሩ የመኪናውን ፍሬን ሳይነካ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጁ የሚይዝበት መግፊያ ወይም ቁልፍ መኖር አለበት።

መቆጣጠሪያውን የመግጠም ሥራ በየተራው

አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች አራት ሽቦዎች አሏቸው። በተለመደው አሠራር ጥቁሩ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያመጣ፣ ነጩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስ፣ ቀዩ ከፍሬን መብራት ማብሪያ ምልክት የሚቀበል፣ ሰማያዊው ወደ ተሳቢው ፍሬን የሚልክ ነው። ሆኖም በቀለም ብቻ መታመን አይገባም፤ ከዕቃው ጋራ የመጣውን የፋብሪካ ወረቀት መመልከት ግዴታ ነው።

1ኛ፦ ባትሪው ሳይፈታ የፍሬን መብራቱን ማብሪያ መፈለግ። ይህ ማብሪያ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ይገኛል። መካኒኩ በቴስተር ይመረምርና ፔዳሉ ሳይረገጥ ኤሌክትሪክ የሌለበትን፣ ሲረገጥ ግን 12 ቮልት የሚያሳየውን ሽቦ ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ በስሕተት ቢይዝ መቆጣጠሪያው ፔዳሉ ዘወትር እንደ ተረገጠ ይቆጥራል።

2ኛ፦ ከዚህ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት። ሽቦ የመቀጠሉ ሥራ ከዚህ በፊት አይጀመርም።

3ኛ፦ ሣጥኑን በቦታው ማሰር። ቦታው የሾፌሩ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት፣ ጉልበቱን የማይነካ፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የማያሰናክል፣ በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት ካለበትም የራቀ መሆን አለበት። አቀናነስን የሚለካው ዓይነት ከሆነ በፋብሪካው ወረቀት በተፈቀደው ማዕዘን፣ ወደ መኪናው አካሄድ አቅጣጫ ተስተካክሎና ጠብቆ ይታሰራል። የተወላገደ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሣጥን የተሳሳተ ልክ ይለካል።

4ኛ፦ ጥቁሩን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ማገናኘት። በመካከሉም ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ይገባል። ይኸውም እስከ 4 ፍሬን ላለው ተሳቢ ባለ 20 አምፔር፣ 6 ፍሬን ላለው ባለ 30 አምፔር ነው። ይህን ሽቦ ከመብራት ወይም ከሬድዮ መስመር ላይ መቀጠል የተለመደ ስሕተት ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ የብረቱ ጠርዝ እንዳይቆርጠው በጎማ ይጠበቃል።

5ኛ፦ ነጩን ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ መውሰድ። በዳሽቦርዱ ሥር በተገኘው ብሎን ላይ አስሮ መተው ሥራውን ያቀላል፤ ብረቱ ሲዝግ ግን ፍሬኑ አንድ ጊዜ እየሠራ አንድ ጊዜ እየጠፋ መቸገር ይመጣል።

6ኛ፦ ቀዩን ሽቦ በ1ኛው ተራ ምልክት ከተደረገበት ሽቦ ጋራ ማገናኘት።

7ኛ፦ ሰማያዊውን ሽቦ በመኪናው ሆድ ሥር አሳልፎ ከኋላው ስፒና ጋራ ማገናኘት። ከጭስ ማውጫው፣ ከሚዞረው ዘንግና ድንጋይ ከሚመታው ቦታ መራቅ አለበት፤ በየመንገዱም በደንብ ይታሰራል።

8ኛ፦ የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሶ ማሰርና መፈተን። ተሳቢው ይያያዛል፤ እንዳይንቀሳቀስም በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ይደረጋል። ከዚያም አንዱ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ይዞራል፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው የእጁን መግፊያ ሲጫን ጎማው መቆም አለበት። ይህ ፈተና ለእያንዳንዱ ጎማ ይደገማል። አንዱ ጎማ ሠርቷልና ሌሎቹም ይሠራሉ ብሎ መገመት ፈተና አይባልም።

ቀጭን ሽቦ ርካሽ አለመሆኑ

ባለ ሱቆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው የሽቦው ውፍረት ነው። ባለ 10ና ባለ 12 ኢንች ፍሬን ማግኔት በተለመደው 3.2 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። አራት ማግኔቶች ጎን ለጎን ሲያያዙ ጠቅላላው 0.8 ኦም ይሆናል። ስለዚህ 12 ቮልት ሙሉ በሙሉ ቢደርሳቸው 15 አምፔር ይወስዳሉ።

እንበልና ከመቆጣጠሪያው እስከ ተሳቢው ፍሬንና ከዚያ መልሶ ያለው የሽቦ ርዝመት 17 ሜትር ነው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ ቢሆን የራሱ ተቃውሞ 0.2 ኦም ያህል ነው። ጠቅላላው 1 ኦም ስለሚሆን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከ15 ወደ 12 አምፔር ይወርዳል፤ ማለትም ከአምስት እጁ አንዱ በሽቦው ውስጥ ይቀራል። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሆን 13.7፣ ባለ 6 ቢሆን ደግሞ 14.1 አምፔር ያህል ያልፋል። ደንበኛው በሽቦው ዋጋ ያተረፈው ጥቂት ብር ከፍሬኑ ኃይል አምስተኛውን ከፍሎ የገዛው መሆኑን ባለ ሱቁ ሊነግረው ይገባል። የዛገ መጋጠሚያና በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያም የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ አይደለም።

የስፒናው ቁጥር የሚያመጣው መሳሳት

ከልዩ ልዩ አገር ዕቃ ለሚያስመጡ ሰዎች የሚከተለው ነገር ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰባት ቀዳዳ ያላቸው ስፒናዎች ሁሉ አሠራራቸው አንድ አይደለም። በአውስትራሊያው ደንብ 5ኛው ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። በኤውሮፓ ለረጅም ጊዜ በተለመደው ባለ ሰባት ክብ ስፒና ግን 5ኛው ቀዳዳ የቀኙ የኋላ መብራት ነው። አንድ ሠራተኛ ቁጥርን ከቁጥር ብቻ እያገናኘ የአውስትራሊያውን ተሳቢ በኤውሮፓው ደንብ ከተዘረጋ መኪና ጋራ ቢያገናኝ፣ ሾፌሩ መሽቶ መብራት ባበራ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ተሳቢው ፍሬን እንደ ያዘ ይጎተታል፤ ታምቡሮቹም ይግላሉ። ቀን ቀን ሲፈተን ምንም ጥፋት የማይታይበት ዕቃ ሌሊት አደጋ ያመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ስፒናው በቁጥርና በቀለም ሳይሆን አንድ በአንድ በቴስተር ተፈትኖ ይገናኛል።

የቮልቱም ነገር እንዲሁ ነው። የተለመዱት የተሳቢ ማግኔቶች ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ብዙ የጭነት መኪናዎችና አንዳንድ የቆዩ የናፍታ ላንድ ክሩዘሮች ግን 24 ቮልት ናቸው። በ24 ቮልት መኪና ላይ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ወደ ማግኔቱም 12 ቮልቱን ብቻ የሚልክ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

የፍሬኑን ልክ ስለ ማስያዝ

መግጠሙ ቢያልቅም ልኩ እስኪያዝ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም። ተሳቢው የሚጭነውን ያህል ይጫንና በደረቅ፣ ሜዳና ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ሾፌሩ የእጁን መግፊያ እስከ መጨረሻው ሲጫን ጎማዎቹ ታስረው ከተንሸራተቱ ኃይሉ ይቀነሳል፤ ተሳቢው እምብዛም ካልያዘ ይጨመራል። ትክክለኛው ልክ ጎማው ከመታሰሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለው ነው። ጭነቱ በተለወጠ ጊዜ፣ መንገዱም ከአስፋልት ወደ ጠጠር ወይም ወደ ጭቃ በተለወጠ ጊዜ ልኩ እንደገና ይያዛል። ለሙሉ ጭነት የተያዘው ልክ ባዶውን ተሳቢ ያንሸራትተዋልና።

አዲስ ሸራ የገባለት ፍሬን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ከ20 እስከ 50 ጊዜ ያህል በመካከለኛ ፍጥነት እየያዙና በየመካከሉ እያበረዱ ሸራው ከታምቡሩ ጋራ እንዲላመድ ማድረግ ያስፈልጋል። ልኩም ከዚህ በኋላ ተመልሶ ይታያል።

በቁልቁለት ላይ ጥሩ መቆጣጠሪያ ተገጥሟል ብሎ መዘናጋት አይገባም። የተሳቢው ፍሬንም እንደ መኪናው ፍሬን ይግላል። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መቀየር፣ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ ይዞ እየለቀቀ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ መሪውን ሳያወናጭፍ፣ የመኪናውን ፍሬን ሳይረግጥ፣ የእጁን መግፊያ ቀስ ብሎ ቢጫን ተሳቢው ወደ ኋላ ተጎትቶ ይቀናል። መግፊያው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን ያልነውም ስለዚህ ነው።

ተሳቢው ቢበጠስ

መቆጣጠሪያው የሚያዘው ተሳቢው ከመኪናው ጋራ እስከ ተያያዘ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በከባድ ተሳቢ ላይ የራሱ ባትሪና በገመድ የሚነቀል ማብሪያ ይደረጋል። ተሳቢው ቢበጠስ ገመዱ ማብሪያውን ይነቅላል፤ የተሳቢው ባትሪም ፍሬኑን ይይዛል። በአውስትራሊያ ክብደቱ ከ2,000 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ በጎማዎቹ ሁሉ ላይ ፍሬንና ይህ መሣሪያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ተሳቢው በተበጠሰም ጊዜ ፍሬኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መያዝ አለበት። ይህ ባትሪ በየጊዜው ካልተመረመረ ከነማብሪያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እንደ ማቆሚያ የእጅ ፍሬን መጠቀምም ባትሪውን ይጨርሳል እንጂ አይጠቅምም።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ የቀረበ ማስታወሻ

ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ይገኝላቸው። የተሳቢው ፍሬን የኤሌክትሪክ ነውን? ስንት ፍሬኖች አሉት? የመኪናው ባትሪ 12 ነው ወይስ 24 ቮልት? የስፒናው ደንብ የየትኛው አገር ነው? መቆጣጠሪያው በጊዜ የሚሠራ ነው ወይስ አቀናነስን የሚለካ? የአገጣጠሙ ወረቀት፣ መከላከያውና በቂ ውፍረት ያለው ሽቦ አብረው ይመጣሉን? ከእነዚህ አንዱ ሳይመለስ የታዘዘ ዕቃ ወይ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ወይም በማይሆነው መኪና ላይ ይገጠማል። ከሁለቱም ክፉው የኋለኛው ነው።

ልብስ ወይም ሳህን የሸጠ ነጋዴ ዕቃው ቢበላሽ ለውጦ ይሰጣል፤ ነገሩም በዚህ ያልቃል። ፍሬን የሸጠ ግን በኋላ ለውጦ ሊያስተካክለው የማይችለው ነገር አለ። ስለዚህ ደንበኛው የርካሹን ዋጋ ብቻ ሲጠይቅ፣ ባለ ሱቁ ስለ ሽቦው ውፍረት፣ ስለ ስፒናውና ስለ ፈተናው ሳይነግረው እንዳያሰናብተው አደራ እንላለን። ገዢውም ተሳቢውን ጭኖ ከመነሣቱ በፊት የእጁን መግፊያ ተጭኖ የተሳቢው ጎማ መያዙን በዓይኑ ይመልከት። ይህ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው።